የዱራንጎ ባቡር ላይ የት ልቀመጥ?

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ዴንቨር ያላችሁ ድረሱልኝ።

ኮሎራዶ ውስጥ ከዱራንጎ ወደ ሲልቨርተን በሚሄደው የእንፋሎት ባቡር ልንሳፈር ነው። ቲኬት ግን አልቆረጥኩም፤ ፉርጎ መምረጥ አቃተኝ። መስመሩ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የሚጎትቱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በአብዛኛው የ1920ዎቹ ናቸው።

የምፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፦ መንገድ ላይ ካለችው ሮክዉድ ከምትባል ቦታ አለፍ ብሎ ሐዲዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲጠማዘዝ፣ ጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ከፊት፣ አኒማስ ወንዝ ከታች። ሲወጣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ ይባላል። እሱስ ገባኝ። ግን ከፊት ነው ከኋላ? ከኋላ ሆኜ ኩርባው ላይ ሙሉውን ባቡር አገኛለሁ፣ የሰው ሁሉ እጅና ስልክ ግን አብሮ ይገባል። እኔ መስታወት የሌለውን ክፍት ፉርጎ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ብርዱን ፈራች። ሲልቨርተን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች እውነቷን ነው።

ደግሞ ጥቁር ብረትና ነጭ እንፋሎት አንድ ላይ ሲመጡ ካሜራዬ ግራ ይጋባል። ወይ እንፋሎቱ ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ ወይ ሎኮሞቲቩ ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። ለየትኛው ታስተካክላላችሁ? ፉርጎው እየተንቀጠቀጠስ የካሜራውን የሹተር ፍጥነት ስንት ላይ ታደርጉታላችሁ?

በመኪና ተከትዬ ከውጭ እንዳላነሳው፣ ከሮክዉድ በኋላ ሸለቆው ውስጥ የመኪና መንገድ የለም። አንዱን ጉዞ በአውቶቡስ ማድረግ ይቻላል። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ለፎቶ ጠዋት ሲወጣ ይሻላል ወይስ ከሰዓት ሲመለስ?