በአንድ ጭንቀት እሷ ወፈረች፣ እሱ ከሳ፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፣ ሳቢያን
ሰላም አቦ፣ ከድሬዳዋ ነኝ! ስለ እህቴና ስለ ባለቤቷ ነው። ሱቃቸው ዕዳ ውስጥ ከገባ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ሁለቱም በወጉ አይተኙም። እሷ ከ66 ኪሎ 73 ገባች፣ አብዛኛው ሆዷ ላይ ነው። እሱ ከ64 ወደ 59 ወረደ። እሷ ቁርስና ምሳ ትዘላለች፣ ምግብም አልጨመርኩም ትላለች፤ ሻይ ግን ከእጇ አይጠፋም። እሱ ከሰዓት በኋላ ይቅማል። ጭንቀቱ አንድ ሆኖ ሰውነታቸው ለምን ተለያየ? ከየት ይጀምሩ?

የጤና መኮንን፣ ሐረር
ድንጋጤ ሲመጣ አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይለቀቅና የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ጭንቀቱ ወራት ሲቆይ ግን ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል ከልክ በላይ ይሆናል። በጤናው ጊዜ ጠዋት ከፍ ብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ የሚል ነው፤ ማታም አልወርድ ሲል እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሰውም ስኳርና ቅባት ያምረዋል። በሆድ ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ ለኮርቲሶል ከቆዳ ሥር ካለው ይበልጥ ስለሚመልስ ውፍረቱ ወገብ ላይ ይታያል። እንቅልፍ ሲያጥር የሚያስርበው ግሬሊን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን ይቀንሳል።

ስለዚህ አንዱ ሲጨነቅ ይበላል፣ ሌላው ሆዱ ይዘጋል። እዚህ ቤት በአንዱ ላይ ሻይ፣ በሌላው ላይ ጫት ተጨምሮበታል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለእሱ ነው። ከ64 ላይ 5 ኪሎ ማለት ወደ 8 በመቶ ነው። ሳያስቡት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም። የጾም ስኳር፣ የታይሮይድ፣ የኤችአይቪና የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታም ይስጥ። የድሬ ሙቀት ምልክት ይደብቃል፦ የሌሊት ላብ፣ ጥማት፣ ሽንት መመላለስ ሁሉ በአየሩ ይመካኛል። ልብስ የሚያርስ ላብ በታኅሣሥም ካላቆመ አየሩ አይደለም።

ሥነ ምግብ ባለሙያ
ምግብ አልጨመርኩም ያለችው እውነቷን ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው። 7 ኪሎን በ270 ቀን ስናካፍለው በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ አምስት ጊዜ ከጠጣች 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ካሎሪ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ብቻውን 32 ግራም ያህል ስኳር አለበት። ሳምቡሳውንና ሙሸበኩን (ስኳር የጠጣውን ጥብስ ጣፋጭ) ገና አልቆጠርኩም።

ሻዩን አታስጥሏት፣ በጭንቀት ላይ ጭንቀት ነው። በየሳምንቱ ከየሲኒው ግማሽ ማንኪያ ብትቀንስ በአራተኛው ሳምንት አንድ ማንኪያ ላይ ትደርሳለች። ቁርስ ላይ እንቁላል ወይም ፉል ትብላ፤ ጠዋት የተዘለለ ምግብ ማታ በእጥፍ ይመለሳል። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር።

ሚዛን በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ ነው። በየቀኑ የሚመዘን ሰው በውሃና በጨው መዋዠቅ በከንቱ ይጨነቃል። ወገቧንም ለኩ፦ ሜትሩ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ይዙር፣ ትንፋሽ አውጥታ። ለሴት ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ያሳስባል፣ ከ88 በላይ በጣም።

የመጋላ ልጅ
ሎሚ በሞቀ ውሃ በባዶ ሆድ ጠዋት ጠዋት። ያቀልጠዋል።

ፋርማሲስት፣ ከዚራ
አቦ ተው! ሎሚ ስብ አያቀልጥም፤ ጨጓራ ካለባት ያቃጥላታል። ጥቅሙ ጣፋጩን ሻይ ከተካ ብቻ ነው።

የምትወስደውን መድኃኒት ጠይቋት። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ያለ ማዘዣ የሚዋጡት ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ኮርቲሶልን ራሱን የሚተኩ ናቸው፤ ፊት ያከባሉ፣ ሆድ ያወጣሉ። ለሳምንታት የወሰደች ከሆነ በአንዴ አታቁም፤ የራሷ ዕጢ ሥራ ስለፈታ በድንገት ልትዝለፈለፍ ትችላለች። ፊቷ ከከበበ፣ ሆዷ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሸንተረር ከወጣና ከወንበር መነሳት ካቃታት ወደ ሐኪም ትሂድ።

የአእምሮ ጤና ነርስ
ስለ ጫቱ ልጨምር። በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ርሃብን ያፍናል፣ እንቅልፍን ያርቃል። 8 ሰዓት ተቀምጦ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው እራት አይቀምስም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ይተኛል፣ ጠዋት ተጫጭኖት ቁርስ ይዘላል። በቀን የቀረችው ምሳ ብቻ ናት። ተው ከማለት በፊት ሰዓቱን ማሳጠር ይሠራል፦ ሙሉ ምሳ ሳይበላ አይጀምር፣ 10 ሰዓት ላይ ያቁም፣ ዙርባውን (የጫት እስሩን) በየሳምንቱ ሩብ ይቀንስ፣ በለስላሳ ፋንታ ውሃ ይጠጣ። በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ፣ መርቃናን (የጫቱን ምርቃና) መስበር እንቅልፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሌሊት ያባንናል።

ምግብ አልወርድ ሲለው የሚጠጣ ስጡት፦ በሶ በወተት፣ አጥሚት፣ አቮካዶ ጭማቂ፣ ወተት የበዛበት ሆጃ (ከቡና ገለባ የሚፈላው)።

ለሁለቱም፦ መነሻ ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን፣ የተኙበት ሰዓት ቢለያይም። የዕዳው ሒሳብ ከእራት በፊት በወረቀት ይጻፍና ይዘጋ፣ አልጋ ላይ አይነሳ። ከዚያ 5 ደቂቃ ትንፋሽ፦ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። የእግር ጉዞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ 30 ደቂቃ።

ጠያቂ፣ ሳቢያን
ወገቧ 91 ሆነ። መርፌውንም ትወስዳለች። እሱ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል፤ ሲቅም ውሃ ስለሚያበዛ መስሎን ነበር።

የጤና መኮንን፣ ሐረር
ውሃ ቢያበዛም የከሳ ሰው ሌሊት ሲመላለስ ስኳሩ ይታያል። በዚሁ ሳምንት ይሂድ፤ ትንፋሹ ከከበደ ወይም ካስመለሰው ግን በዚያው ቀን። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቅመስ፣ ጫትም ጭምር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይመርመር። ስኳሩ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ከ100 በታች ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 መካከለኛ፣ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ የሚረጋገጥ ነው። እሷም አብራው ትመርመር፤ በ91 ወገብ ያስፈልጋታል። መርፌውን መቀየር ከፈለገች ቀኑ ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሌላ መከላከያ ትምረጥ፤ ዝም ብላ ቀጠሮውን አታሳልፍ።