ለማታ ሩጫ ምን ይገዛ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ላይ ከሥራ ወጥቶ ልሩጥ ያለ ሰው ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ይመሻል። «ለማታ ምን ልግዛ?» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

የስፖርት ልብስ መደብር ከመግባታችሁ በፊት የሕንፃ መሣሪያ ወይም የሥራ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ በሉ። መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደሪያ ከብዙ የስፖርት ጃኬት ይበልጣል። ጃኬቱ ያምራል፣ አልክድም፤ ግን አብዛኛው ላይ የሚያበራው ጀርባው ላይ ያለች ጣት የምታህል ምልክት ብቻ ናት። ሰደሪያው ወገቡን የሚዞር ሰፊ ብርማ መስመር አለው። የሰፈር ልጅ ይሳቅ፣ ባለ ሲኖትራኩ ይየኝ እንጂ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ጥቁር ቱታ ለብሳችሁ ሾፌሩ አጠገባችሁ ደርሶ ቢያያችሁ ምንም አይጠቅማችሁም።

በቀለም ግን አትሸወዱ። ያ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ቀን ላይ የሚጎላው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ማታ ጉልበቱ የለም። ማታ የሚሠራው ብርማው መስመር ነው። ላዩ ላይ ያሉት ደቃቅ የመስታወት እንክብሎች ብርሃኑን ወደመጣበት፣ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሱታል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጉ፣ የስልካችሁን ባትሪ ከዓይናችሁ ጎን ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ አብሩበት። ቦግ ካለ ውሰዱት። ግራጫ ጨርቅ ሆኖ ከቀረ ተዉት፣ ቀለም ነው። አይኤስኦ 20471 (የአንጸባራቂ ልብስ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው) የሚል መለያ ካለው ጥሩ፣ ግን ጽሑፍ ማንም ያትማልና ሙከራውን አትዝለሉ።

ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ማሰሪያ። የመኪና አጭር መብራት ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ መጀመሪያ የሚያገኘው እግራችሁን ነው። ሾፌርም ከፍ ዝቅ የሚል ብርሃን ሲያይ ቶሎ «ሰው ነው» ይላል። ደረት ላይ ብቻ ያለው የመንገድ ምልክት ሊመስለው ይችላል። መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው የጭነት መኪና ስቲከር በደንብ ያበራል፣ ግን ለብረት የተሠራ ነው፤ ጨርቅ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ሲታጠብ ይላጣል። የሚሰፋውን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካጣችሁ ደግሞ ከአሮጌ ሰደሪያ መስመሩን ቁረጡና ለልብስ ሰፊ ስጡት፣ ላስቲክ ላይ ይሰፋላችኋል። በረኪናና ካውያ አታስነኩት።

ጅልባብ ወይም ረጅም ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች፣ የእግሩ ማሰሪያ በቀሚስ ከተሸፈነ ከንቱ ነው። መስመሩን የቀሚሱ ጠርዝ ላይ አሰፉት።

የግንባር ባትሪ ለኮምቦልቻ ልጆች ግሩም ነው። ደሴ ላይ ግን ክረምት ጉሙ ሲወርድ ግንባር ላይ ያለ ብርሃን ተመልሶ ዓይናችሁን ይጋርደዋል፤ ወገባችሁ ላይ አስሩት ወይም በእጃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። በስልክ መብራት መሮጥ? እጅ ያደክማል፣ ቢወድቅ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ስለ ብርድ ብዙ አልልም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከውስጥ ላብ የማይዝ ስስ የፖሊስተር ካናቴራ፣ ከላይ ንፋስ የሚከለክል ጃኬት ይበቃል። ሁለቱንም ሰልባጅ ውስጥ ታገኛላችሁ። ጥጥ ላብ ይዞ ስትቆሙ ያንቀጠቅጣችኋል። ሰደሪያው ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ ይሁን፣ ሞቀኝ ብላችሁ ጃኬቱን ስታወልቁ መልሳችሁ ልበሱት። ኮምቦልቻ ካናቴራና ሰደሪያ ይበቃል። እዚያ የሚያሳስበው ብርዱ ሳይሆን በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣባችሁ ሩጡ፤ ቢያንስ አንድ ጆሯችሁ ከማዳመጫ ነፃ ይሁን።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ማታ ልሮጥ ነው ላልከኝ ወንድሜ፦ ጠመዝማዛ ላይ የመኪናው መብራት አንተ ጋ የሚደርሰው ከታጠፈ በኋላ ነው፣ እስከዚያ አንጸባራቂህ ጨርቅ ነው። ለእሱ የምጠቁምህ ልብስ የለኝም። ቀን ሂድበት።