ክንዱ ዘፈኑን የማያስጨርሰው የኪስ ሸክላ

ሰላም ለሁላችሁ። ሂፕ ፖኬት የሚባሉ ትንንሽ የሙዚቃ ሸክላዎች እጄ ገብተዋል። ያኔ በፎርድ ሥር የነበረው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ፊልኮ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ለወጣቶች ያወጣቸው ናቸው። ወርዳቸው 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በየገጹ አንድ ዘፈን፣ እንደ ስስ ፕላስቲክ የሚታጠፉ። የሱሪ ኪስ ውስጥ እንዲገቡ ታስበው ነው። ሐሳቡ አሪፍ ነበር፣ ገበያው ግን ብዙም አልዘለቀም።

ማጫወቻዬ ሙሉ አውቶማቲክ ነው፣ በቀበቶ የሚዞር። መርፌውን ሳሳርፈው ዘፈኑ ይጀምራል፤ ትንሽ እንደሄደ መርፌውን የያዘው ክንድ ብድግ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምክንያቱ ገብቶኛል። የትልቁ ሸክላ መሃል ላይ ያለው ወረቀት ራሱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የኔዎቹ ዘፈን የሚጀምረው ሌላው ሸክላ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው! ማሽኑ «አልቋል» ብሎ ያስባል፣ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ሸክላው ጠርዙ ተቆልምሞ ይንሸራተት ነበር። ከሥሩ የቆየ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ አነጠፍኩ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሳንቲም ጫንኩ። እሱ ተስተካከለ። ክንዱን በጣቴ ልይዘው ስሞክር ግን መርፌው እየዘለለ መስመሩን ሊቧጭረው ሆነ፤ ተውኩት። የታች ክዳኑን ስከፍት ከክንዱ ሥር የሚገፋ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግና ትልቅ ጥርሳም ጎማ ይታያል። ሌላ ማጫወቻ መግዛት አሁን አልችልም።

እንዲህ ዓይነት ማሽን ነካክታችሁ የምታውቁ፣ በኋላ መልሼ ልገጥመው እንድችል አድርጌ አውቶማቲክ መመለሻውን ብቻ ለማጥፋት የትኛውን ልፍታ?