«ገና ነው» ያልኩት ለማሽኑ ገብቶታል?

ልብስ ሰፊ፣ ደሴ ፒያሳ፦
ውጭ አገር ያለች ደንበኛዬ የሠርግ ቀሚሷ ደርሶ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «ገና ነው፤ ጥልፉ ይቀራል» ብዬ ጽፌ በስልኬ መተርጎሚያ ብልክላት፣ «እንኳን አደረሰህ፤ ጥልፉን ግን ለምን ተውከው?» የሚል መልስ መጣልኝ። ይኸው ማሽን ከዚያ በፊት የሁለት ገጽ ውል ያለ እንከን ተርጉሞልኛል። ታዲያ አማርኛ ይገባዋል ይባላል?

የአማርኛ መምህር፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ አይባልም። ፈላስፋው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው ምሳሌ፣ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የደንብ መጽሐፍ እያየ፣ በቻይንኛ ለሚገቡለት ጥያቄዎች ትክክለኛ ምልክት እየመረጠ ይመልሳል፤ በውጭ ያሉት ቻይንኛ አዋቂ ይሉታል፣ እሱ ግን አንዲት ቃል አልገባችውም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። እኛ የምንለየው ቀሚሱንና ሠርጉን ስለምናውቅ ሲሆን፣ ማሽኑ ያለው ፊደል ብቻ ነው።

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። እርስዎ ተማሪዎ ትምህርቱ እንደገባው የሚያውቁት ጭንቅላቱን ከፍተው ሳይሆን፣ ያላስተማሩትን ጠይቀውት በሚሰጠው መልስ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጁ አለን ቱሪንግም እ.ኤ.አ. በ1950 «ማሽን ያስባል ወይ?» የሚለውን ትቶ፣ በጽሑፍ ብንጠይቀው ከሰው እንለየዋለን ወይ በሚለው ተካው። የዛሬዎቹ ማሽኖች ደግሞ የደንብ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ቃል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚጎራበት ከብዙ ጽሑፍ ይማራሉ፣ «ገና» ከላሊበላ ጋር ሲሆን ሌላ፣ ከጥልፍ ጋር ሲሆን ሌላ መሆኑን ማለት ነው። ያንኑ መልእክት በሌላ መተርጎሚያ ሞክሬው በትክክል አውጥቶታል። በአንድ ስህተት ከተፈረደማ፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚስት ሰው ሁሉ አማርኛ አይገባውም ልንል ነው።

የአማርኛ መምህር፦
ወርቁን የሳተ ሰው ግን ሲሳቅበት ደንግጦ «ምን አልኩ?» ይላል።

ልብስ ሰፊው፦
እኔ እዚህ ላይ ከመምህር ጋር ነኝ፤ ቢሆንም ማሽኑ ፊደል ብቻ ስላለው ነው የሚለው አላሳመነኝም፣ የረዳቴንም ውስጡን አላየሁምና። ረዳቴን «ጥልፉ ይቀራል» ብለው፣ መርፌውን ከማስቀመጡ በፊት «ይሠራ ነው ወይስ ይተው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እህቴ፣ የእርስዎ መተርጎሚያ ጠይቆዎታል ወይስ ገምቶ አገኘው?

የጥገና ባለሙያዋ፦
አልጠየቀኝም።