በአንድ ቦርሳ ለሦስት ሳምንት፦ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና አፕ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ቀላል ጓዝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር የሦስት ሳምንት ጉዞ አለብኝ። የምይዘው አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ሻንጣ አላስጭንም። ላፕቶፕ፣ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ አለኝ። የላፕቶፑ ቻርጀር ብቻውን ጡብ ያክላል።

ባለፈው ጉዞ ኤርፖርት ላይ ፓወር ባንኬን ወሰዱብኝ። ለምን ስላቸው «አቅሙ አይነበብም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ ቦርሳ ውስጥ ሲፋተግ ከርሞ ጠፍቷል።

ብዙ ገንዘብ ስለሌለኝ ሁለት ጊዜ መግዛት አልፈልግም። ለሁሉም ዕቃ የሚሆን አንድ ትንሽ ቻርጀር አለ? የማይወሰድብኝ ፓወር ባንክ ስንት አቅም ያለው ነው? ለፎቶዎቼ ደግሞ ባለ 2 ቴራባይት ሚሞሪ ካርድ ኢንተርኔት ላይ በጣም ረክሶ አግኝቼ አዝዣለሁ። ኢንተርኔት በሌለበት የሚሠሩ አፖችም ካሉ ጠቁሙኝ።

መንገደኛው

ባለ 50 ሺህ ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ግዢና ተገላገይ። እኔ እሱን ይዤ ስንቀሳቀስ ሳምንቱን ሙሉ ሶኬት አልፈልግም።

ባለሽቦው

መንገደኛው ወንድሜ፣ አንተ በመኪና ነው የምትጓዘው፤ እሷ በአውሮፕላን ናት! ያንን ይዛ ብትሄድ ያው ፍተሻው ላይ ትታ ነው የምታልፈው።

እህቴ፣ አየር መንገዶች የሚያዩት ሚሊአምፒሩን ሳይሆን ዋት-ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን ጠቅላላ ኃይል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሚሊአምፒሩን በ3.7 (በባትሪው ቮልት) አባዢውና ለ1000 አካፍዪው። 10 ሺህ ሲሆን 37 ዋት-ሰዓት ይመጣል። 20 ሺህ ሲሆን 74። 27 ሺህ ሲሆን 99.9። እስከ 100 ድረስ በአብዛኛው ፈቃድ አይጠየቅም። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ እሺ ካለ ብቻ ያልፋል። ከዚያ በላይ ለተሳፋሪ አይፈቀድም። የመንገደኛው 50 ሺህ 185 ነው። ባለ 27 ሺህ ፓወር ባንክ ገበያ ላይ የበዛውም ለዚሁ ነው፤ ድንበሩ ጋ ልክ ደርሶ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። ታች ወደሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ሊትየም ባትሪ ቢቀጣጠል መንገደኞች መካከል ከሆነ ወዲያው ይታያል፣ ይጠፋልም። ታች ጭነት መሐል ከሆነ ማን ያየዋል?

ደግሞ ደንቡ ጠብቋል። በጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጊምሄ ኤርፖርት ላይ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ለመነሳት ሲዘጋጅ ተቃጠለ፤ የተጠረጠረው ፓወር ባንክ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ ውስጥ ማስቀመጥን ከለከለች። ኤምሬትስ ደግሞ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀምን ከልክሏል፤ የሚፈቅደውም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትሄጂበትን አየር መንገድ ደንብ ከመግዛትሽ በፊት አንብቢው። ጽሑፉ እንዳይጠፋ ደግሞ ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፊበት። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

ቆጣቢ

ባለሽቦው ያለው ላይ ልጨምር። 10 ሺህ የተጻፈበት ፓወር ባንክ ስልክሽ ውስጥ 10 ሺህ አያስገባም። ውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ የሚያወጣው 5 ቮልት ነው። በልወጣው ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። በተግባር ከ6 ሺህ እስከ 6,500 ነው የምታገኚው። የስልክሽ ባትሪ 5 ሺህ ከሆነ አንድ ጊዜ ከሩብ ያህል ይሞላል ማለት ነው። ሰዎች «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብለው ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ይሄው ነው።

ለስልክ ብቻ ከሆነ ባለ 10 ሺህ ይበቃሻል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ላፕቶፕም ልትሞዪበት ካሰብሽ ወደ 20 ሺህ ሂጂ። ያኔ ግን የሚያወጣውን ዋትም እዪ።

ጀርባው ላይ የፀሐይ ፓነል ያለውን እንዳትገዢ እለምንሻለሁ። ያቺ ትንሽ ፓነል በጥሩ ፀሐይ 1 ዋት ብትሰጥ እንኳ 37 ዋት-ሰዓት ለመሙላት 37 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋል አለባት። በዚያ ላይ ባትሪ ፀሐይ ላይ ማስጣት ራሱ ባትሪውን መግደል ነው።

ስለ ቻርጀሩ ከመናገሬ በፊት የላፕቶፕሽ ቻርጀር ጀርባ ላይ «አውትፑት» የሚለው ጎን ምን ተጽፏል? የላፕቶፑ ቀዳዳስ ክብ ነው ወይስ ታይፕ ሲ?

ቀላል ጓዝ

«20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር» ይላል። ቀዳዳው ታይፕ ሲ ነው፤ ስልኬም እንደዚያው። ፕላስተሩን ወድጄዋለሁ 😄

ቆጣቢ

በጣም ጥሩ። 20 በ3.25 ሲባዛ 65 ዋት ነው። ባለ 65 ዋት የ«ጋን» ቻርጀር ፈልጊ። ጋን ማለት ጋሊየም ናይትራይድ ነው፤ በሲሊከን ፈንታ እሱን ስለሚጠቀም ያንኑ ኃይል በትንሽ አካል ያወጣል። ጡቧን ቤት ትተያታለሽ። «ፒዲ» (ቻርጀሩና ዕቃው በታይፕ ሲ በኩል ስለ ቮልቱ የሚግባቡበት ደንብ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጪ። ቢያንስ ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳ ይኑረው።

አንድ ነገር እወቂ፦ 65 ዋቱ የሁሉም ቀዳዳ ድምር ነው። ስልኩንም ስትሰኪ ላፕቶፑ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ላይ ወደ 45 ይወርዳል። ሌሊት ተኝተሽ ከሆነ ምንም አይደል።

ኬብል ላይ አትሰስቺ። ተራው ከሲ ወደ ሲ የሚሄደው ኬብል የሚሸከመው 3 አምፒር ነው፤ ማለትም እስከ 60 ዋት። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ ውስጡ ትንሽ ቺፕ ያለው፣ 5 አምፒር የተጻፈበት ያስፈልጋል። ለአንቺ ልዩነቱ 5 ዋት ስለሆነ ተራውም ያስኬድሻል፤ ግን አዲስ የምትገዢ ከሆነ ባለ 5 አምፒሩን ግዢ።

ባለሽቦው

ሶኬቱን ረሳችሁት። አዲሱ ቻርጀር ላይ «ኢንፑት» በሚለው ጎን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የትም አገር ይሠራል። የሚያስፈልግሽ የሶኬቱን ቅርጽ የሚቀይር አዳፕተር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል ዕቃ ነው። ከባዱን ትራንስፎርመር የሚሸጥልሽ ካለ እለፊው። ፀጉር ማድረቂያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዙዎቹ በአንድ ቮልቴጅ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ እኔ አንዱን አጭሼ ከአልጋ ክፍሉ ሠራተኞች ጋር ተዋውቄበታለሁ።

የኮዱ ልጅ

ስለ ሚሞሪ ካርዱ ማንም አላነሳም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እጅግ ረክሶ የሚሸጥ ባለ 2 ቴራባይት ካርድ ውሸት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ውስጡ ያለው ምናልባት 32 ጊጋባይት ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ክፋቱ መጀመሪያ ላይ በደንብ መሥራቱ ነው። እውነተኛው አቅሙ ሲሞላም መገልበጡን ይቀጥላል፤ የፋይሉም ስም ይታያል። ስትከፍቺው ግን የለም።

እንደደረሰሽ መርምሪው። ዊንዶውስ ላይ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው»፣ ማክና ሊኑክስ ላይ «ኤፍ ስሪ» የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን እስከ አፉ ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል። ለእንዲህ ዓይነት ትልቅ ካርድ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል፤ አስጀምሪውና ተዪው። ዋናው ነገር የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ማድረግሽ ነው።

በእሱ ፈንታ ሁለት አፍ ያለው ፍላሽ ያዢ፤ አንዱ አፍ ስልክ ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ፎርማቱን «ኤክስፋት» አድርጊው። «ፋት 32» ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ አልቀበልም ይላል። ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ሳይኖርሽ ደግሞ ከስልክሽ ምንም አታጥፊ።

አንድ ተጓዥ

አፖቹን እኔ ልመልስ። ለካርታ «ኦርጋኒክ ማፕስ»። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የአገሩን ካርታ አንዴ ካወረድሽ ያለ ኢንተርኔት መንገድ ያሳይሻል። የጉግል ካርታም አካባቢ መርጦ ማውረድ ይቻላል። ለትርጉም የጉግል ትርጉምን ጫኚና የምትሄጂበትን ቋንቋ ከቤት አውርጂው፤ እዚያ ደርሶ ማውረድ ማለት ዳታ ፍለጋ መንከራተት ነው። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ፎቶ ለማሳለፍ «ሎካልሴንድ»፤ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፎቶ ለማስተካከል «ፎቶፒ» ብሮውዘር ውስጥ ይከፈታል፣ ምንም አይጫንም፤ እሱ ግን ለመክፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ባለፈው ዓመት ውጭ ሆኜ ኢሜይሌን ልከፍት ስል «ወደ ስልክህ ኮድ ልከናል» አለኝ። ሲሜ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው! እዚያ ሌላ ሲም ነበር የምጠቀመው። ቲኬቴ ኢሜይሉ ውስጥ፣ የሆቴሉ አድራሻ ኢሜይሉ ውስጥ። አራት ቀን ተዘግቶብኝ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሳልወጣ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ኮዱ በቴክስት መልእክት መምጣቱን ትቶ በአፕ እንዲሆን አደርጋለሁ። የመጠባበቂያ ኮዶቹን አወጣለሁ፤ ጉግል ለምሳሌ አሥር ይሰጣል፣ እያንዳንዱ አንዴ ነው የሚሠራው። ወረቀት ላይ ጽፌ ከፓስፖርቴ ለይቼ እይዛለሁ። ቲኬቱንና አድራሻውን ደግሞ ስልኬ ላይ አወርዳለሁ።

ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ካሰብሽ *#06# ብለሽ ደውዪ። ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል «ኢአይዲ» የሚል ካለ ስልክሽ ይቀበላል። ስልኩ በአንድ ኩባንያ ያልተቆለፈ መሆን አለበት። የተጓዦች ኢሲም አብዛኛው ዳታ ብቻ ነው፤ ስልክ ቁጥር የለውም። የቤትሽን ሲም አታውጪ።

ቀላል ጓዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካርዱ ከቀናት በፊት ደረሰ። ምርመራውን አስጀምሬ ተውኩት። ሲጨርስ ሳየው እውነተኛው 29 ጊጋባይት ነው! መልሼ ልኬዋለሁ፤ ገንዘቤን እየጠበቅኩ ነው።

ቻርጀሩንም ገዛሁ፣ 65 ዋት ነው። ግን ላፕቶፑ «ዝግ ያለ ቻርጀር» እያለኝ ነው። ተሸወድኩ እንዴ?

ቆጣቢ

አይዞሽ። ኬብሉ ከየት የመጣ ነው? አንዱ ጫፉ ሰፊው፣ የድሮው ዩኤስቢ ነው?

ቀላል ጓዝ

አዎ፣ የድሮ ስልኬ ኬብል ነው። ቻርጀሩ ላይ ሰፊ ቀዳዳም ስላለው እዚያ ሰካሁት።

ቆጣቢ

ያው ተገኘ። በሰፊው ቀዳዳ በኩል ፒዲ አይሠራም፤ ላፕቶፑ 20 ቮልት ቢጠይቅም የሚሰማው የለም። ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ኬብል፣ በሲው ቀዳዳ ሞክሪው።

ቀላል ጓዝ

የእህቴን ኬብል ተውሼ ሞከርኩ፤ መልእክቱ ጠፋ። አሁን ችግሩ እህቴ ኬብሏን ትፈልጋለች።