ራም ጨመርኩ፣ ኮምፒውተሩ ይበራል ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። 8 ጊጋ ራም አልበቃ ስላለኝ ትናንት ሌላ 8 ጊጋ ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት። ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600። ሁለቱም ራሞች ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ ፍጥነታቸው አሮጌው 3200 አዲሱ 2666። ራም የሚሰካበት ስሎት አራት ነው። አሮጌው ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ላይ ነበር፣ አዲሱን ከጎኑ አንደኛው ላይ አስገባሁት። መቆለፊያው በአንድ በኩል ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ተዘግቷል። ሌላው እንዳይሰበር ፈርቼ ብዙም አልተጫንኩትም።

አሁን ሳበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ሲግናል የለም ይላል። ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ድራም (ራም ለማለት ነው) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ መብራት በርታ ትቀራለች። ቅዳሜ የማስረክበው ሥራ አለኝ። አቃጥዬው ይሆን?

መልስ 1

ስሎቱን ተሳስተሻል። ሁለት ፍሬ ራም ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ጀምረሽ ስትቆጥሪ 2ኛው እና 4ኛው ላይ ነው የሚገባው። 1ኛና 2ኛ አንድ ቻናል፣ ማለትም ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስድ አንድ መንገድ ናቸው፣ 3ኛና 4ኛ ደግሞ ሌላ። ጎን ለጎን ስታስቀምጫቸው ፕሮሰሰሩ በአንድ መንገድ ብቻ ይመላለሳል። 1 እና 3 ላይ ለምን አይሆንም ካልሽ፣ ብዙ ማዘርቦርድ ላይ መስመሩ በ1ኛው አልፎ 2ኛው ላይ ነው የሚያልቀው፣ ያ መጨረሻው ባዶ ሲሆን ሲግናሉ ነጥሮ እየተመለሰ ይረብሻል። መመሪያው ላይ 2ኛውንና 4ኛውን ኤ2 እና ቢ2 ብሎ ጽፎልሻል፣ እዪው።

መልስ 2፣ ጥገና የምሠራ

የስሎቱ ነገር ልክ ነው፣ ግን ስክሪኑ የጠፋው በሱ አይመስለኝም። ጎን ለጎን ቢሆኑ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። እህቴ፣ «ፈርቼ ብዙም አልተጫንኩትም» ስትዪ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ራሙ አልገባም። እንዲህ ሆኖ የሚመጣልን ብዙ ነው፣ ተቃጥሏል ብለሽ አትጨነቂ።

መጀመሪያ አጥፊውና ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ገመዱ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ከነቀልሽ በኋላ ማስነሻውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፣ የተረፈው ይወጣል። ከሰውነትሽ የሚወጣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳው ሹራብ ለብሰሽ ምንጣፍ ላይ አትሥሪ። ራሙን ከመንካትሽ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኪ።

ከዚያ ኬዙን ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። ቆሞ ከጫንሽው እጅሽ ያዘነብላል። ሁለቱንም ራም አውጪ። ወርቃማው ጠርዝ ላይ አንዲት ቁርጥ አለች፣ ልክ መሃል አይደለችም፣ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ስሎቱ ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር አገናኚያት። ካልተገናኙ ራሙን አዙሪው፣ በጉልበት አትሞክሪ። ከተገናኙ ግን አትፍሪ። ሁለቱን አውራ ጣቶችሽን ሁለቱ ጫፎች ላይ አድርገሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ጫኚ። ማዘርቦርዱ ትንሽ ጎበጥ ሲል ልታዪ ትችያለሽ፣ የተለመደ ነው። ቀጭ ሲል መቆለፊያው ራሱ ይዘጋል። አንቺ በጣትሽ ገፍተሽ አትዝጊው፣ እንደዛ ከዘጋሽው ራሙ ሳይገባ የገባ ይመስላል።

ያንቺ ዓይነት በአንድ በኩል ብቻ የሚቆለፈው ደግሞ ሰው ያታልላል። መቆለፊያ ያለው ጫፍ ቀጭ ይላል፣ ሰው ጨረስኩ ይላል፣ በግራፊክስ ካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። የስልክሽን መብራት አብርተሽ በጎን በኩል ዝቅ ብለሽ እዪው። ወርቃማው ነገር አሁንም ከታየሽ አልገባም።

በመጀመሪያ አሮጌውን ብቻ 2ኛው ላይ አድርገሽ አስነሺ። ከተነሳ አጥፊና አዲሱን ብቻ እዚያው ሞክሪ። ሁለቱም ለየብቻ ከሠሩ 2 እና 4 ላይ አድርጊያቸው። እንዲህ ስታደርጊ ችግሩ የራሙ ይሁን የስሎቱ ይለይልሻል።

መልስ 3

አሮጌውን ካወጣሽው አይቀር ጠርዙን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው። የኛ አቧራ መቼም ይታወቃል። ፍርፋሪውን ግን ከስሎቱ ርቀሽ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፣ ስሎት ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሻካራውን ሰማያዊ ላጲስ አትጠቀሚ፣ ወርቁን ይፍቀዋል።

አዲስ ኮምፒውተር በዲዲአር 5 የምትገጥሙም ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ሲያስተካክል ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል፣ ስክሪኑም እስከዚያው ጥቁር ነው። እኔ የወንድሜን ስሠራ ተበላሸ ብዬ ሦስቴ አጠፋሁት። በአራተኛው ሻይ ላፈላ ሄጄ ስመለስ ተነስቶ አገኘሁት።

ጠያቂዋ

ተነሳ! እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እንዳላችሁኝ መብራት ይዤ ሳየው በካርዱ በኩል ወርቃማው መስመር ይታይ ነበር፣ ሌላው ጫፍ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ደግሞም አዲሱ ብቻ አይደለም፣ እሱን ሳስገባ አሮጌውንም ነቅነቅ አድርጌው ነበር መሰለኝ። ስጫነው ያወጣው ድምፅ ግን አስደንጋጭ ነው፣ የሆነ ነገር የሰበርኩ ነው የመሰለኝ። አሁን 2 እና 4 ላይ ናቸው፣ 16 ጊጋ ያሳያል።

አንድ ነገር ብቻ። ዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ የራሙ ፍጥነት 2400 ነው የሚለው። 3200 እና 2666 አልነበሩም እንዴ?

መልስ 2፣ ጥገና የምሠራ

እንኳን ደስ አለሽ። 2400 መሆኑ ብልሽት አይደለም። 3200 ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ራም ያንን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ሲበራ ነው፣ ሳይበራ ዝቅ ባለው ነው የሚነሳው። ሁለት የተለያየ ስትቀላቅዪ ደግሞ ሁለቱም በደካማው ልክ ይሄዳሉ። ስለዚህ 3200ን እርሺው፣ ባዮስ ገብተሽ 2666 ብትሞክሪ ግን ሊቀበል ይችላል።

ዛሬ ግን አትንኪው። 2400 ላይ በሁለት ቻናል ለኤዲቲንግ ይበቃሻል፣ የሚያስጨንቅ ልዩነት የለውም። ሥራውን አስረክቢ። ቅዳሜ ማታ 2666 አድርገሽ ሜምቴስት 86 የሚባለውን ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም በፍላሽ አስነሺና ሲፈትሽ ይደር። ጠዋት አንድም ስህተት ካሳየሽ ወደ 2400 መልሺው። ራም ላይ ያለ ስህተት ፋይል የሚያበላሸው ቀስ ብሎ ነው፣ የሰው ሰርግ ደግሞ ድጋሚ አይቀረጽም።

ጠያቂዋ

እሺ፣ እስከ ቅዳሜ አልነካውም። እሁድ ውጤቱን እጽፋለሁ።