ተኩላን «ጅብ» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)፦
የቋንቋ ወዳጆች፣ ሰላም ናችሁ? ለእህቴ ልጆች ማታ ማታ የውጭ አገር ተረት አነብላቸዋለሁ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ እዚያው በቃል ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። አሁን የያዝነው ቀይ ቆብ አድርጋ አያቷን ልትጠይቅ የሄደችውን ልጅ ነው። ሁለት ቃል አስቸግሮኛል። «ተኩላ» ስላቸው ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ አያውቁም። ጅብ ግን ሐረር ሄደው ሥጋ ሲጎርስ አይተዋል። ታዲያ ተኩላውን ጅብ ባደርገው ምን ችግር አለው? ሌላው ቆቡ ነው። «ቀይ ቆብ ያደረገች ልጅ» ብዬ ስጀምር ትልቋ «መነኩሴ ናት እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበል አቦ?

የሸዋ በሩ (ሐረር)፦
እህቴ፣ እኔ ጅብ አታድርጊው ባይ ነኝ።

በእኛ ተረት ጅብ ሆዳም ነው። ይቸኩላል፣ ይታለላል። ጦጣ ታሞኘዋለች፣ ቀበሮ ታሞኘዋለች። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የተባለውም ለዚሁ ነው። ሊያስመስል ሲሞክር እንኳን አይሳካለትም። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል የምንስቀው፣ ቁርበቱን እንደሚበላው ገና ሲናገር ስለምናውቅ ነው። ልጆቹ «ጅብ» የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚጠብቁት ይህን ነው።

የዚያ ተረት ተኩላ ሌላ ነው። ልጅቷን ጫካ ውስጥ ሲያገኛት አይበላትም። ያዋራታል። ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል። በሌላ መንገድ ቀድሟት ይደርስና ድምፁን ለውጦ የአያትየውን በር ያስከፍታል። አውሬነቱ ያለው ምላሱ ላይ ነው። ሻርል ፔሮ ተረቱን እ.ኤ.አ. በ1697 በፈረንሳይኛ ሲያሳትመው መጨረሻው ላይ የግጥም ምክር አክሎበታል። ከተኩላዎች ሁሉ አደገኛው ለስላሳና ጨዋ መስሎ የሚጠጋው ነው ይላል። በፔሮ መጽሐፍ ልጅቷ ተበልታ ያልቃል። የተኩላውን ሆድ ቀዶ የሚያወጣት አዳኝ የተጨመረው በግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1812። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ የግሪምን ያዢ።

ታዲያ ይህን አንደበተ ርቱዕ ለጅብ ብትሰጪው ጅቡ አይችልበትም። ልጆቹም አያምኑትም።

ሐረር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚህ ጅብ ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ በስሙ እየተጠራ ይጎርሳል። ወደ ከተማው የሚገባበት ቀዳዳ በግንቡ ግርጌ ተትቶለታል። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። አበላሉን አይተው የመጪውን ዓመት ሁኔታ የሚናገሩ አሉ። ጅን ይበላልናል የሚሉ አዛውንቶችም አሉ። የእህትሽ ልጆች ያዩት ይህን ጅብ ነው። አያት የሚውጥ ክፉ አድርገሽ ብታመጪባቸው ያዩትና የሰሙት ይጋጭባቸዋል።

የምድር ባቡር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦
ልጄ፣ ስለ ጅቡ ያልከው ገብቶኛል። ግን «ተኩላ» የሚለውም እኮ ቀላል አይደለም። በወጣትነቴ በባቡሩ መስመር ላይ ስሠራ ሽማግሌዎች ተኩላ የሚሉት በመንጋ የሚያድነውን፣ ዝንጉርጉር ቆዳና ሰፋፊ ክብ ጆሮ ያለውን አውሬ ነበር። የፈረንጁ ተረት ሥዕል ላይ ያለው ግራጫ ነው፣ ጆሮው ሹል ነው። አንድ ናቸው?

የሸዋ በሩ (ሐረር)፦
ጋሼ፣ አንድ አይደሉም። እርስዎ የሚሉት ፈረንጆች የአፍሪካ የዱር ውሻ የሚሉት ነው። በአማርኛ ተኩላ የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የአውሮፓው ግራጫ አውሬ እኛ አገር የለም። ስሙን ያገኘው በመጽሐፍ በኩል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡባችሁ በውስጣቸው ግን ነጣቂዎች ተኩላዎች ከሆኑ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ» የሚለውን ያስታውሳሉ። ስለዚህ «ተኩላ» ሁለት ኑሮ አለው። ሜዳ ላይ ዝንጉርጉሩ አዳኝ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ሰው መስሎ የሚጠጋ ነጣቂ ነው። ለተረቱ የሚያስፈልገን ይህ ሁለተኛው ነው። የፔሮ ምክርና የወንጌሉ ቃል አንድ ዓይነት አውሬ ነው የሚያስጠነቅቁት።

በነገራችን ላይ ብዙ ልጆች «ለምድ» ሲባል የበጉ ቆዳ እንዳለ የተገፈፈው ይመስላቸዋል። ለምድ ግን ትከሻ ላይ የሚጣል ልብስ ነው። ነገሩ የገባው አውሬ ለብሶ መጥቷል ማለት ነው።

ስለ አውሬ ስም ካነሳን፣ ተጓዦች ብዙ አምታተውታል። ደቡብ አፍሪካ የሰፈሩት ሆላንዶች ጅብን አይተው በቋንቋቸው «ተኩላ» አሉት። በአገራቸው የሚያውቁት ሌሊት የሚጮህ አውሬ እሱ ነበራ! የእኛው ቀይ ቀበሮ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 በሰሜን ተራራ ስም ሰይሞ ለሳይንስ አስተዋወቀው። እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ የሰሜን ቀበሮ ሲሉት ኖሩ። ዛሬ በዓለም የሚጠራው «የኢትዮጵያ ተኩላ» ተብሎ ነው። እኛ አሁንም ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። በዝምድናው ለተኩላ ይቀርባል፣ ግን አይጥና ፍልፈል ለቃሚ ነው። የአያት ቤት በር የሚያስከፍት ዓይነት አይደለም።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ለ10 ቀን ያህል ቆይቷል። በዓመቱ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ከተማችን የጻፈው ብዙ ቦታ ላይ ያናድደኛል። ንቀት አለበት። አንድ ነገሩን ግን አከብርለታለሁ። ከመጽሐፉ መጨረሻ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አስገብቷል። ሰዎቹ ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቆ መዝግቧል። ተርጓሚም የሚያምርበት ይኸው ነው።

የምድር ባቡር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦
ጅብን በሐረሪ ምን ይሉታል?

የሸዋ በሩ (ሐረር)፦
ዋራባ። በኦሮምኛ ዋራቤሳ ነው። በሶማልኛ ዋራቤ። ድሬ ላይ ቀፊራ ገበያ ቆመው በሦስቱም ቢጠሩት የሚገባው ሰው አያጡም።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)፦
እሺ፣ ተኩላው ተኩላ ይሁን። ሥዕሉን እያሳየሁ «እኛ አገር የሌለ፣ ውሻ የሚመስል፣ አፈ ጮሌ አውሬ» እላቸዋለሁ። ቆቡስ? እኔ «ጉፍታ» ልል አስቤ ነበር። የእኛው አካባቢ ቃል ነው ብዬ።

የሸዋ በሩ (ሐረር)፦
ጉፍታ ያምራል፣ ግን እዚህ አይሆንም። ሐረር ውስጥ ጉፍታ ያገባች ሴት ናት የምታደርገው። ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በሁለት ጠቅልላ የምትሸፍንበት ስስ መረብ ነው። ትንሿን ልጅ ዳርሽብን ማለት ነው! ቆብም ልጅቷ እንዳለችው ነው። «ቆብ ደፋ» ማለት መነኮሰ ማለት ስለሆነ ጆሮ ወዲያው ወደ ገዳም ይሄዳል።

ፈረንሳይኛው የሚለው ራስንና አንገትን የሚሸፍን የልብስ ኮፍያ ነው። በግሪም ደግሞ አያቷ የሰጠቻት፣ ከቀይ ከፋይ የተሠራ ስጦታ ነው። «ኮፍያ» ብትይ ስህተት የለውም። የዛሬ ልጆች ባለ ኮፍያ ሹራብ ያውቃሉ። እኔ ግን «ሻሽ» እመርጣለሁ። ሻሽ አያት ለልጅ ልጇ የምትሰጠው ነገር ነው፣ እዚህ አገርም እዚያም። «ባለ ቀይ ሻሿ» ብለሽ ጮክ ብለሽ በይው እስቲ። ለአፍ ይመቻል።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)፦
ሻሽ ጸደቀ። የመጨረሻ ጥያቄ። ተኩላው አያትየውን መስሎ አልጋው ላይ ተኝቶ ከልጅቷ ጋር የሚመላለሱትን እንዴት ላድርገው? «ምን ያህል ትላልቅ ጆሮዎች አሉሽ» ስል የፈተና ወረቀት የማነብ ይመስለኛል።

የምድር ባቡር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦
ይህን ለእኔ ተዉልኝ፣ ለልጅ ልጆቼ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። መጀመሪያ ነገር፣ እርስዎ አትበሏት። በእኛ ቤት አያት አንቺ ነው የምትባለው። እርስዎ ካልሽ ልጅቷ ገና ከበሩ የጠረጠረች ይመስላል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በ«ምነው» ጀምሪው። ምነው ሲባል ፍቅርም ድንጋጤም አብሮ አለበት።

«እማማ፣ ምነው ጆሮሽ ተለቀ?»
«አንቺን አጥርቼ ልሰማሽ ነዋ!»
«እማማ፣ ምነው ዓይንሽ ፈጠጠ?»
«አንቺን አጥግቤ ላይሽ ነዋ!»
«እማማ፣ ምነው ጥርስሽ ሾለ?»

እዚህ ላይ ዝም በይ። መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ይጮኹታል።